በበሩ ሥር የሾለከው ወረቀት

ሳስካቱን፣ ካናዳ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት ፈቃደ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ኤርጫፎስ ከነመኪናው ደህና ነው? ያቺ ዓይነ ትልቋ ልጅሽ ኖላዊትስ? አባትሽን ፈቃደን ያሳረፈ አምላክ እናንተን ደግሞ ቤታችሁን ከድኖ ያቆይልኝ። እኔ ከነብርዱም ቢሆን አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። እዚህ ቤት ስልክ የሚደወለው ሳሎን ውስጥ፣ ድምፁ ተለቅቆ፣ ሁሉም ከቦ ነው። አንቺ «ደህና ነን» ትያለሽ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ምራቴ አይዳ «አባባ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል» ትላለች፤ በዚሁ ይዘጋል። አርባ ዓመት የተማሪ ድርሰት ያረመ ሰው ሐሳቡ የሚፈታለት በወረቀት ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ኖላዊት ነው። የልጄ የሶፎንያስ ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱም። ታመው እንዳይመስልሽ፤ እዚህ አገር የፈለገ ወላጅ ልጁን እቤቱ ማስተማር ይችላል። አይዳ እዚያው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ታስተምራቸዋለች። መጀመሪያ ስሰማ «የመምህር የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሊቀር?» ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በኋላ ሳየው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ በነጻ የማይገኝ የለም። ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ የእንግሊዝኛ ተረቱ፣ ወላጅ ራሱ እንዴት እንደሚያስረዳ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሐሙስ ሐሙስ ሁላችንም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ሃያ ገጽ በነጻ ያትሙለታል። የሽማግሌ ሃያ ገጽ ማን ይፈልገዋል? ኖላዊት ትውሰደው አልኩ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሚጥለው በሽታ ሰልፍ ላይ ከጣላት ወዲህ እቤት መዋሏን አውቃለሁ። ስትሸኙኝ እንኳ እሷ የተሰናበተችኝ በመስኮት ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና የሚያስቀምጥ ዕድሜ ነው። ያቺ ልጅ ያን ፈተና ሳትወስድ እንዳትቀርብኝ። ትምህርት ቤቱ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።

ያባትሽ የአጎት ልጅ፣ ያንቺም አባት
ጥዑመልሳን

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለጋሼ ጥዑመልሳን

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ በብርዱ አልባሰም? ሰላምታዬ የአባያን ሙቀት ይዞ ይድረስዎ፤ እኛ ጋ ተርፎ ይፈሳል። ኤርጫፎ ሙዝ ጭኖ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው፣ ነገ ይገባል። ኖላዊት «የጋሼን እጅ ሳሚልኝ» ብላለች።

ፖስታው ሲመጣ ልጄ የሠርግ ስጦታ የመጣላት ነው የመሰላት። ወረቀቶቹን መሬት ላይ ደርድራ በጉልበቷ እየዞረች ነው ያየቻቸው። የእኛ ቤት ትምህርት እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ጠዋት አየሩ ሳይግል አንድ ሰዓት ላይ እንቀመጣለን፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ሒሳብ አያሠራም። መጻሕፍቱን ከቴሌግራም አውርጄ ነበር፣ ስልኬ ሞልቶ የእናቴን ፎቶ እስከ ማጥፋት ደረስኩ። ቪዲዮ ስንከፍት መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድነት የመጡ ቀን በዓል ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ገጹን በየሳምንቱ ያስወድዳል። ስለዚህ የእርስዎ ወረቀት ምን ያህል እንደሆነ ይረዱልኝ።

አንድ ነገር ግን ቸገረን። ኤማ የምትባል ልጅ አሥራ ሁለት ዱባ ገዝታ ፊት እየቀረጸችበት በር ላይ ታስቀምጣለች ይላል። ኖላዊት ሒሳቡን ባንዴ ሠራችው፤ «ግን እማዬ፣ ለምን አይበሉትም?» ትላለች፤ እርስዎ ይንገሯት።

ስለ ትምህርት ቤቱ የጠየቁኝን፣ አይቀበሉንም ጋሼ። ጠይቄ ነበር። «ሲሻላት አምጫት» ነው ያሉኝ። ምን ይደረጋል። የጎረቤታችን ልጅ ኑኃሚን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን በግቢያችን በር ሥር ታሾልክላታለች፤ እዚያው በሩን መሐል አድርገው ያጠናሉ። ክፍልፋይን ለኑኃሚን የምታስረዳት የእኔዋ ናት። ለጊዜው ይህ ይበቃታል። ቢቻልዎ ወረቀቱን በየሳምንቱ ይላኩልን።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይጨምርልን።
ልጅዎ ትሁት

ሳስካቱን
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሁት፣

ከቤትሽ ደስታ አይጉደል፤ የኤርጫፎም ጎማ አይተንፍስበት። እዚህ በረዶው መጥቷል። ዓለም ሁሉ የጤፍ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ግን የሚጋገር የለውም።

ዱባው የበዓላቸው ጌጥ ነው፤ እኔም አልበላሁትም፤ አንድ ወር በር ላይ ተቀምጦ ሻገተና ተጣለ። ከዛሬ ጀምሮ ኤማን አሰናብቻታለሁ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ኤማን አበቡ፣ ዱባውን ሙዝ፣ ባቡሩን ባጃጅ አድርጌዋለሁ። አይዳ አይታ «አባባ፣ ይሄ እኮ የሰው ሥራ ነው» አለችኝ። በነጻ የሰጡት ለማን ነው ታዲያ?

ሶፎንያስ በሩ ላይ ደወል አስገጠመ። በሩ ሲነካ ቤቱ በሙሉ ይጮኻል። ለሌባ ነው ይላል። በዚህ ብርድ ሊሰርቅ የሚመጣ ሌባ ካለ እኔ ራሴ ሻይ አፈላለታለሁ።

ከወረቀቶቹ ሁለቱን ለይተሽ እያቸው። አንዱ «ከቤትህ ተነሥተህ ወደምትወደው ቦታ የሚወስደውን መንገድ በእርምጃ ለክተህ ካርታ ሥራ» ይላል። ኖላዊት ትሥራውና ላኪልኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ መንገዱን እሄድበታለሁ። ሁለተኛው የኔ ትርጉም ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ካገኘሁት። «ጓደኛችሁን በሽታው ሲጥላት» ይላል። ሰዓት እዩ፤ በጎኗ አዙሯት፤ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቷት፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ጥሩ፤ እስክትነቃ አብራችኋት ተቀመጡ። የክብሪቷን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ አገሬን ስለማውቅ።

አሁን ደግሞ ለኖላዊት ይህን አንብቢላት። በ1971 ዓ.ም. ከጎጃም መጥቼ አርባ ምንጭ ስመደብ የጋሞን ልማድ አንዱንም አላውቅም ነበር። ሊሻን የሚባል አንድ ረባሽ ልጅ ነበረና ከትምህርት አባረርኩት። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከጨንቻ ወርደው፣ እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ደጄ ላይ ተንበረከኩ። እኔ ሞኙ ምን ብል ጥሩ ነው? «አባቶቼ፣ ሳሩስ ግሩም ነበር፤ ግን ላም የለኝም!» ከኔ ቀድሞ አገሩን የለመደው አያትሽ ፈቃደ ከጓዳ ሮጦ ወጣና ክንዴን ያዘኝ። «አንተ ሰው፣ ሳር ይዞ የተንበረከከ እንቢ አይባልም! ተቀበልና አስነሣቸው!» አለኝ። ተቀበልኩ፤ ሊሻንም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «መምህር፣ ላሟን ገዛህ?» ይሉኝ ነበር። ሶፎንያስ ልጅ ሳለ ይህን ሲሰማ በሳቅ ይንከባለል ነበር።

የፈተናው ነገር አልዋጥ ብሎኛል። «ሲሻላት» ማለት መቼ ነው? ደግመሽ ጠይቂልኝ።

ጥዑመልሳን

ሲቀላ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ ለጋሼ ጥዑመልሳን

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ቤታችን ትንሽ ነገር ገጥሞን ነበር።

ኖላዊት የገና ዕለት ወደቀች። ወጥ ላማስል ከሰሉ አጠገብ ሳለሁ፣ እሷ ሽንኩርት ልታቀብለኝ መጣችና እዚያው። ግራ ክንዷ ተቃጥሏል። አሁን እየደረቀላት ነው፣ አይጨነቁ። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ በእጄ ነው የምሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የግቢውን በር እቆልፋለሁ፣ ቁልፉ ከእኔ አይለይም። ምሳ በልተን በሙቀቱ ጋደም ስል እንኳ ትራሴ ሥር ነው የማደርገው። ኤርጫፎ «አበዛሽው» ይላል። ከሳምንቱ አራቱን ቀን መኪና ላይ ለሚያድር ሰው መናገር ቀላል ነው።

ካርታውን ሠርታለች፣ አብሮ ተልኳል። አጭር ስለሆነ አይሳቁባት። ከአልጋዋ እስከ ጠረጴዛው አምስት እርምጃ፣ ከጠረጴዛው እስከ በረንዳው ዘጠኝ፣ ከበረንዳው እስከ ግቢው በር አሥራ አራት። ከዚያ ወዲያ መስመሩን ቀጥላ «የማላውቀው» ብላ ጽፋበታለች። «የምትወጂው ቦታ እኮ ነው የተባለው» ስላት «ከበሩ ወዲያ ያለው ነዋ» አለችኝ።

ያንን ስለ መውደቅ የተረጎሙትን ወረቀት አላሳየኋትም። ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብሱ ሥር አድርጌዋለሁ። የበሽታው ስም እቤታችን አይጠራም ጋሼ፤ ስትሰማው ትሸማቀቃለች። የሳሩን ታሪክ ግን ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች፤ በጣም ስቃለች።

ፈተናውን ለከርሞ ብለናል። አሁን አልተቻለም፣ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የሰባተኛ ክፍል ወረቀት ካገኙ ቢልኩልኝ፣ ስድስተኛውን ጨርሳዋለች። በጣም ብዙ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አምላክ በበረከቱ ይጎብኝዎ።
ትሁት

ሳስካቱን
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሁት፣

ዛሬ ምርቃት የለም፣ ተቆጥቻለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ የእስክሪብቶው ጥፋት ነው።

ያ ያባረርኩት ረባሽ፣ ሊሻን፣ ዛሬ ኖላዊት የነበረችበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። «አይቀበሉንም» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደብዳቤ ላክሁበት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«መምህር፣ የልጅቷን ስም ከመዝገብ አልሰረዝንም። ደረጃዋን የምንለካበት ፈተና ሰጥተን ስድስተኛ ክፍል እናስገባታለን። እናቷ ዘንድ አምና አንዴ፣ ዘንድሮ በመስከረም አንዴ ሰው ልከናል። ‹ልጄ አልተሻላትም› ብላ መለሰችን። በሩንም አልከፈተችም።»

እኔን መዋሸትሽን እተወዋለሁ፤ ብዙ ተማሪ ዋሽቶኛል። ያቺን ልጅ ግን «አንፈልግሽም አሉ» ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት ዓለም የጠላት አስመስለሽ አኖርሻት። የተቃጠለችው መንገድ ላይ አይደለም፣ ትምህርት ቤትም አይደለም። እቤትሽ ጓዳ፣ ካንቺ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ይገባኛል። ግን ልጡን እየፈራሽ ልጅቷን በልጥ አሰርሻት!

የሰባተኛ ክፍል ወረቀት አልልክም። እኔ ድልድይ የሠራሁ መስሎኝ ለካ በኔ ወረቀት አጥር ነው ስታጥሪ የከረምሽው። ሊሻን ለሰኔው ፈተና እንድትደርስ እስከ ሚያዝያ 30 እጠብቃታለሁ ብሏል። ከዚያ ወዲያ እሱም የለም፤ የሚመጣው አዲስ ሰው ደግሞ የኔን ስም አያውቅም።

ጥዑመልሳን

ሲቀላ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔም ተቆጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደ አባት ስለማይዎት ነው የምናገረው።

እስክሪብቶው አይደለም። ሶፎንያስ ደውሎ ነገረኝ። ጥር 15 ቀን ደወሉን በሆነ መንገድ ዝም አሰኝተው ብቻዎን ወጡ፤ በረዶው ውስጥ ጠፍተው ፖሊስ ነው ያገኘዎ። ጣቶችዎ ተጎድተው ሐኪም ቤት አምስት ቀን ተኝተዋል። ይህን ሁሉ ሳይነግሩኝ ስለ መዋሸት ያስተምሩኛል? ሶፎንያስ እያለቀሰ ነበር። «ምን ላድርግ፣ ልሰረው እንዴ?» ሲለኝ ምን አልኩት መሰለዎ? «ለእሱው ብለህ ነው፣ በሩን ቆልፍ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ኖላዊት ከኋላዬ ቆማለች። ሰምታለች። ደብተሯን ይዛ ወደ በሩ ሥር ሄደች።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎ፤ ለኤርጫፎ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሰልፉ ላይ የወደቀች ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ። ውኃዋን ረስታ ላቀብላት ተመልሼ ነበር። ተማሪውም አስተማሪውም ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሬት ላይ ያለችው የኔ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት በጫማዋ ነው። ማንም አልነካትም ጋሼ! አንዲት እጅ እንኳ! አንድ ሰው ከሩቅ ክብሪት ወረወረ፣ አሽትቷት ብሎ። ክብሪቱ ደረቷ ላይ አረፈ። ቀርቦ የሚያነሣው ጠፋ። እኔ እስክደርስ ልጄ ብቻዋን፣ ክብሪት ደረቷ ላይ፣ አፈር ውስጥ ነበረች።

የባንክ ሥራዬን በሳምንቱ ለቀቅሁ። ትምህርት ቤቱ ይቀበላት ይሆናል፤ ስትወድቅ የሚቀበላት ግን መሬት ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ በምን እግሬ ወስጄ ላስረክባት? ቁልፉን ስይዝ እኔም እኮ እዚሁ ውስጥ ነኝ። ገበያ የምወጣው እየሮጥኩ ነው፤ ለቅሶ እንኳ ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ ዘመድ ረስቶኛል። አሥራ አራቱን እርምጃ እኔም ለክቼዋለሁ።

አይቀየሙኝ። ጣትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ።
ትሁት

ሳስካቱን
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልተቀየምኩም። መልስሽን አይዳ ስትሰጠኝ በተረፉት ጣቶቼ ከፈትኩት። የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆርጠዋቸዋል። ጠመኔ የሚይዙት ናቸው፣ ግን ጡረታ ወጥተዋል፤ ምንም አይደል።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ቀርቷል። የወጣሁት ጠፍቼ አይደለም። ሐሙስ ነበር። ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸው አይዳ ቀረች፤ የኖላዊት ሃያ ገጽ ሊቀር ሆነ። መንገዱን ከሃምሳ ሐሙስ በላይ ሄጄበታለሁ፣ አውቀዋለሁ ብዬ ወጣሁ። በረዶ መንገድን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፣ ያን አላወቅሁም። እንዳይሰማሽ ብዬ ደበቅሁሽ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ» ይባል የለ? አሁን ሐሙስም የለም። በሩ በቁጥር ሆኗል፤ ቁጥሩን ከኔ በቀር የአምስት ዓመቷ ልጅ እንኳ ታውቀዋለች። የምቀመጠው መስኮት ዳር ነው። ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ፤ የኖላዊትን ካርታ ከጎኑ ለጥፌዋለሁ። ከኔ የሷ ይረዝማል።

ሶፎንያስን አልወቅሰውም። ይወደኛል። ጠላት ቢያስረኝ ጮኼ እሰድበው ነበር፤ የሚወደኝ ሰው ሲቆልፍብኝ ግን ለማን አቤት እንደምል ጠፋኝ። ሾርባ ያመጣልኛል፣ እግሬን ያሻል፣ ይቆልፋል። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፣ ያየሁትን አይቻለሁ። እሷ አሥራ ሁለት ነው። የምነግርሽ ይኸው ነው፣ ተግሣጽ አይደለም። ውስጡ ሆኜ ነው የምነግርሽ።

የምልከው ወረቀት የለኝም። ሚያዝያ 30ን አትርሺ። አምላክ ልብሽን ያበርታልኝ፤ የልጅሽንም እግር ይጠብቅ።

ጥዑመልሳን

ሲቀላ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ጥዑመልሳን

በያሉበት መስኮት ፀሐይ ትውጣልዎ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። አንብቤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ልቤ ተነክቶ ነበር፣ ቁልፉን ግን አልለቀቅሁም። ቀኑን ብቻ እቆጥር ነበር። አሁን አራት ቀን ቀረው፣ አሁን ያልፋል፣ ካለፈ በኋላ ማንም አይጠይቀኝም እያልኩ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ፣ ምሳ በልተን ሙቀቱ ጣለኝ። ስነቃ ኖላዊት አልጋዬ ሥር ተንበርክካለች። መጀመሪያ የወደቀች መስሎኝ ልጮኽ ነበር። ዓይኗ ግን እኔን ያያል። በሁለት እጇ ሳር ይዛለች፣ ውኃው በክንዷ ይወርዳል፣ በዚያ በተቃጠለው ክንዷ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ወደ ትምህርት ቤት ልቀቂኝ» አለችኝ።

እኔም እንደ እርስዎ ላም የለኝም ማለት ነበር የቀረኝ። «ሳር የሚይዙት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ልጅ አይይዝም፣ ተነሺ» አልኳት።

«ሽማግሌ የሚልክልኝ የለም እማዬ። እኔው መጣሁ።»

ያኔ ነው ሳሩን ያየሁት። የእኛ ግቢ ጠጠር ነው ጋሼ፣ ያውቁታል፤ አንዲት ለምለም ነገር አይበቅልበትም። እንዲህ ያለ ሳር ያለው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዙ ውስጥ፣ የመስኖው ቦይ አፍ ላይ ነው። በእግር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። «ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከኩልፎ።»

«በማን በር ወጥተሽ?»

«በእኛ። ስትተኚ ቁልፉን ከትራስሽ ሥር እወስድና ስመለስ እመልሰዋለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ። ኑኃሚን በር ላይ ትጠብቀኛለች።»

ልመታት እጄን አነሣሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። «ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን። ሙዙ ውስጥ።»

«ማን ነበረ?»

«ኑኃሚን ብቻ። በጎኔ አዞረችኝ። የሙዝ ቅጠል አጥፋ ከራሴ ሥር አደረገችልኝ። ሰዓቷን አየች፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ስነቃ እጄን ይዛ ተቀምጣለች። ከዚያ ውኃ ጠጥተን መጣን። አንቺ ገና አልነቃሽም ነበር።»

ከልብሱ ሥር የደበቅሁትን ወረቀት በየካቲት አግኝታዋለች። በእጇ ገልብጣ ግልባጩን በበሩ ሥር ለኑኃሚን አሾለከችላት። ኑኃሚን በቃሏ ይዛዋለች፤ በኋላ ጠርቼ ጠየቅኋት፣ እንደ ዳዊት ወረደችው። ክብሪቷ ጋ ስትደርስ «ክብሪትማ ሞኝነት ነው» አለችኝ። ጉንጯን ይዤ ሳምኳት፣ ልጅቷ ደነገጠች።

የኔን ልጅ ሰው ነክቷታል ጋሼ። እጇን ይዘውላታል።

ሳሩን ተቀበልኩ። ሰኞ ዕለት ከኑኃሚን ጋር ሄደች። «አትከተዪኝ» ብላኝ አልተከተልኳትም፤ የግቢውን በር ይዤ ባጃጅ ሲያልፍ እያየሁ እስከ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ ምን ሆንሽ አለኝ። የደረጃውን ፈተና አልፋለች። መምህር ሊሻን ራሱ ስሟን ለሰኔው ፈተና ጽፎ «ለመምህር ላሟ ተገዝታለች በያቸው» ብሎ ልኳታል። ዛሬም ሄዳለች። አልዋሽዎትም፤ መፍራቱን አልተውኩም፤ ቁልፉን ግን እሷ ይዛዋለች።

ለሶፎንያስ «ቆልፍ» ያልኩት እኔ ነኝና ደውዬ አፌን ልመልስ ሞከርኩ። «አንቺ በረዶ አታውቂም» ብሎ ዘጋብኝ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብን፤ ሐሳቡ የኖላዊት ነው። ከዚያው ከኩልፎ ሳር ከፍለን በዚህ ፖስታ ከተናል። ፖስታ ቤቱ ካልጣለው ይደርስዎታል። አባት ለልጁ መንበርከኩ ደንብ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ልጅም ለእናቷ ሳር መያዟ ደንብ አልነበረም። ሶፎንያስ ግን ተወልዶ ያደገው እዚህ ነው። ሳር የያዘ ሰው እንቢ እንደማይባል አይረሳውም። ሐሙስን ብቻ ይለምኑት፣ ደርሶ መልስ።

መንገድ ላይ መድረቁ አይቀርም። ከመያዝዎ በፊት ውኃ ያስነኩት፤ እርጥብ መሆን አለበት።

ልጅዎ ትሁት